የጓድ ደምሴ ጣት

ከባትሪ ጋር የሚሠራ ሰው ቀለበት አያደርግም። እኔ ጋራዥ የሚመጣ ሾፌር ሁሉ ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት ቀለበቱንና ሰዓቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፤ ያላወለቀ እጁን ወደ ሞተሩ አይሰድም። አስራ ሁለት ቮልት ሰው አይገድልም ይላሉ። እውነት ነው፣ አይገድልም። ግን ብረት ከብረት ሲያገናኙበት ያለውን ጉልበት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቃል፤ መሐል የገባው ቀለበት ከሆነ ወርቁ ይግላል፣ ጣቱ ደግሞ ውስጡ ነው።

ጓድ ደምሴ ላንድሮቨሩን ይዞ ፒያሳ ወዳለችው ጋራዤ የመጣ ቀንም ይህንኑ ነገርኩት። ደምሴ የአዋሳ ሰው ስሙን ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጠራው ካድሬ ነበር። ጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ አስሮ ከአሞራ ገደል እስከ ቡሹሎ ለስብሰባ ይጣራል። ዓሣ አጥማጁ መረቡን፣ ገበሬው ማሳውን ጥሎ ይወጣል። ያልወጣውን እሱ ራሱ መጥቶ ያወጣዋል።

ከሦስት ዓመት በፊት በእናት የምንገናኘውን ወንድሜን ማቴዎስን የታጠቁ ሰዎች ከጸሎት ቤት ወሰዱት። ማን እንዳዘዛቸው አላወቅንም። ሚስቱ ታቢታ እስር ቤቱ ድረስ ስንቅ ስታመላልስ ቆየች፤ አንድ ቀን ዘበኛው፣ “ተዛውሯል፣ ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ” ብሎ ከነአገልግሏ መለሳት። ወዴት ተዛወረ? የሚናገር የለም። ሞቷል ብላ ብታለቅስ ለፀረ አብዮተኛ አለቀስሽ ብለው እሷንም ይወስዷታል። አለ እንዳትል አይመጣም። እንዲሁ እርሟን ሳታወጣ ኖረች።

“ባትሪው እያደረ ይሞታል” አለኝ ደምሴ። “ጠዋት አይነሳም። ሰው እየነካብኝ ነው።”

“ኤሌክትሪኩ በሆነ ቦታ እየፈሰሰ ይሆናል፣ ጓድ። እንፈትሸው።”

“አብረን ነው የምንፈትሸው።”

ደምሴ የሰው እጅ አያምንም። የመጨረሻዋን ብሎን ራሱ ካላጠበቀ መኪናውን አይነዳም፤ ይህን የከተማው ጋራዥ ሁሉ ያውቃል። አጃቢው ሙህዲን ጠመንጃውን ታቅፎ በሩ ላይ ቆመ።

“እንግዲያው ቀለበትዎን ያውልቁ” አልኩ፣ እንደ ልማዴ ጮክ ብዬ።

ሳቀብኝ። “ይህን ያህል ፈሪ ነህ?”

“ባትሪ ካድሬ አይለይም፣ ጓድ።”

ሙህዲን ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ደምሴ ቀለበቱን አውልቆ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። ጠረጴዛው ላይ ላስቀምጠው ስል ውስጡን አየሁት። ታቢታ ይላል። ያን ቀለበት ከወርቅ ሠሪው የተቀበልኩት እኔ ነኝ፣ ሚዜው። የመጀመሪያዋ ታ አንድ እግሯ አጥሮ ስለወጣ ከሰውዬው ጋር ተጨቃጭቄ ነበር። እግሯ አሁንም አጭር ነው።

ማቴዎስ ሞቷል። ከጣቱ ላይ ያወለቀው ሰው ደግሞ ፊቴ ቆሞ ጥርሱን በክብሪት እንጨት ይጎረጉራል። ካቻቢቴውን አንገቱ ላይ ልሰካው አሰኘኝ፤ ግን ሙህዲን አለ፣ ደግሞም እንዲህ ያለ ፈጣን ሞት ለደምሴ ሲያንሰው ታየኝ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እኔ ያን ቀን ጸሎቱን ተውኩት።

ሥራዬን ግን በወጉ ሠራሁ። ቁልፉን አጥፍቼ መጀመሪያ የኔጌቲቩን ገመድ ፈታሁ፤ እሱ ከተፈታ መፍቻ አምልጦ የመኪናውን ብረት ቢነካ እንኳ ችግር የለውም። በተፈታው ገመድና በባትሪው ራስ መካከል ትንሽ አምፖል አስገባሁ። መኪናው ሁሉ ነገሩ ጠፍቶ ሳለ አምፖሏ በራች።

“ያዩታል፣ እየፈሰሰ ነው።”

ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀልኩ መለስኩ። የመብራቱን፣ የክላክሱን፣ የመጥረጊያውን። አምፖሏ እንደበራች ነው። የድምፅ ማጉያውን ስነቅል ድርግም አለች። ሽቦውን ተከትዬ ብሄድ ከዳሽቦርዱ ጀርባ የቆርቆሮ ጠርዝ ልጦት አገኘሁት። ጠቀለልኩት፣ ፊውዙን መለስኩት፤ አምፖሏ ሳትበራ ቀረች።

“ማንም አልነካብዎትም፣ ጓድ። ባትሪዎን ሲጨርስ የነበረው የራስዎ ድምፅ ማጉያ ነው።”

ደስ አለው። የባትሪው ራሶች ዝገዋል ብዬ ፖዘቲቩንም ፈትቼ ሁለቱንም ጠረግኩ። መልሶ ሲታሰር ፖዘቲቩ ይቀድማል፣ ኔጌቲቩ መጨረሻ ነው፤ ሙያ ከያዝኩ ጀምሮ ይህን አዛብቼ አላውቅም። ያን ቀን ኔጌቲቩን አስቀድሜ አጠበቅኩ። ፖዘቲቩን በቦታው አስቀመጥኩና ቀለበቱን በጨርቅ ወልውዬ ሰጠሁት።

“አልቋል፣ ጓድ። የቀረችው አንድ ብሎን ናት።”

አጠለቀው። አድርግ አላልኩትም፤ አታድርግም አላልኩትም። ካሉኝ መፍቻዎች ረጅሙን አቀበልኩት።

ጎንበስ ብሎ ሳበው። እጁ ከኮፈኑ ሥር ካለው ብረት ሲደርስ ቀለበቱ በመፍቻውና በብረቱ መሐል ገባ። ብልጭ አለ፣ የተቃጠለ ሥጋ ሸተተ፣ ደምሴም በድምፅ ማጉያው ሰምተነው የማናውቀውን ድምፅ አወጣ። እጁን መነጨቀ፤ የጋለው ቀለበት ግን ጣቱ ላይ ቀረ። የውሃው ባልዲ ሩቅ አልነበረም። ቀስ ብዬ ሄድኩ።

“አሻጥር ነው” አለ መሬት ላይ እየተንፈራገጠ። “ያዘው።”

ሙህዲን አልተንቀሳቀሰም። “ጓድ፣ መካኒኩ እኮ አውልቁ ብሎዎታል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መልሰው ያደረጉት ራስዎ ነዎት።”

በማግስቱ ሐኪሞቹ ጣቱን ከሥሩ ቆረጡት። ይህን ስሰማ ታቢታ ቤት ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ቀለበቱ ስነግራት አላለቀሰችም።

“ጮኸ?” አለችኝ።

“ጮኸ።”

“ብዙ?”

“ከጋራዡ ማዶ ካፌ የነበረው ሰው ሁሉ ወጣ።”

ተነሳች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ግቢው መሐል ቆማ ዋይታዋን ለቀቀችው። ጎረቤቷ ወይዘሮ ከበቡሽ ማን ሞተ ብለው አልጠየቁም፤ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። ሌሎቹም ተከተሉ። ግቢው ሲሞላ የቀበሌው ጥበቃ እየሮጠ መጣ።

“ለማን ነው የሚለቀሰው? ለፀረ አብዮተኛ ማልቀስ ክልክል መሆኑን አታውቁም?”

ታቢታ እንባዋን ሳትጠርግ ዞረች። “ለጓድ ደምሴ ጣት ነው” አለችው። “ተቆረጠ እኮ፣ አልሰማህም? ወይስ ለጓድ ደምሴ ማልቀስም ተከለከለ?”

“ውይ ጣቱን” አሉ ወይዘሮ ከበቡሽ፣ ሴቶቹም ተቀበሏቸው። እኔም ወንድሜን በአደባባይ አለቀስኩት። ጥበቃው ታቢታን አየ፣ ሴቶቹን አየ። መሄዱም መከልከሉም ጨነቀው መሰለኝ፣ ኮፍያውን አውልቆ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ።