ቀጣዩ ማስታወቂያ በሰባት ሰዓት

ኪኑዌ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በሰሜን ጃፓን አውሮፕላን ማረፊያ ሰልፍ ላይ ናት። ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ሻንጣዋ ውስጥ ጥቁር የሐዘን ልብስና ከማሳዋ የለቀመችው ሽንኩርት አለ፤ ሽንኩርቱን በወንድሟ ፎቶግራፍ ፊት ልታስቀምጥለት ነው። ወንድሟ ሾዞ ከትናንት በስቲያ ሴንዳይ ከተማ ላይ አርፏል። ዛሬ ማታ ሰው አብሮት ያመሻል፤ ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አስከሬኑ ይቃጠላል፤ ከዚያ ዘመድ ዙሪያውን ቆሞ አጥንቱን ከአመድ ውስጥ ይለቅማል። አንዱን አጥንት ሁለት ሰው ነው፣ እያንዳንዱ የራሱን ጥንድ ቀጭን እንጨት ይዞ፣ ባንድ ላይ የሚያነሳው። ብቻውን የሚያነሳ የለም። ሾዞ ደግሞ በዚህች ምድር ላይ የቀሩት ዘመዶች ሁለት ናቸው፤ ልጁ ሳዮና እህቱ ኪኑዌ። ኪኑዌ ካልደረሰች ሳዮ ብቻዋን ናት።

አውሮፕላኑ መነሳት የነበረበት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። በረዶው ግን ከሌሊቱ ጀምሮ ሆካይዶ ደሴትን ድራሿን አጥፍቷታል። በትልቁ መስታወት በኩል የቆሙት አውሮፕላኖች ጅራታቸው ብቻ ይታያል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ባንኮኒው ጀርባ ያለችው ልጅ፣ ደረቷ ላይ «ኩሪሃራ» የሚል ስም የለጠፈች፣ ድምፅ ማጉያውን አንስታ ጎንበስ አለች። «ክቡራን ደንበኞቻችን፣ በአየሩ ጠባይ ምክንያት ጉዳዩን እያጣራን ነው። ቀጣዩ ማስታወቂያ በሦስት ሰዓት ተኩል ይሆናል።»

በሦስት ሰዓት ተኩል ቀጣዩ ማስታወቂያ በአራት ሰዓት ተኩል እንደሚሆን ተነገረ። በአራት ሰዓት ተኩል፣ በአምስት ሰዓት ተኩል። እስቲ ይታያችሁ! በረራው መቼ እንደሆነ አይነግሩህም፤ መቼ ምንም እንደማይነግሩህ ግን በደቂቃ ቆጥረው ይነግሩሃል። ቀጠሮውንም ያከብራሉ። አንዲት ደቂቃ ሳያዛንፉ መጥተው፣ ከወገባቸው ተቆርጠው እስኪወድቁ ጎንበስ ብለው፣ ባዶውን ያቀርቡልሃል። ሰልፈኛውም አብሮ ጎንበስ ይላል። ምን ያድርግ? ጎንበስ ላለልህ ሰው ጎንበስ ማለት ነው እንጂ መጮህ በዚህ አገር ያልተለመደ ነው።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ራባት። ሻንጣዋን ሰልፉ ውስጥ ተራዋን እንዲጠብቅላት ትታ ወደ ኑድል ምግብ ቤቱ ወረደች። ማንም አይነካውም፤ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ከኋላ ያለው ሰው በእግሩ ገፋ ያደርገዋል፤ ተራም ሻንጣም አይጠፋም። ደግነቱ ይኼ ነው፤ ሰው እርስ በርሱ ይተማመናል። መተማመኑን ነው እነዚያ የአየር መንገዱ ሰዎች ሲነግዱበት የዋሉት።

ኑድል ቤቱ ውስጥ ኖዛኪን ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ አገኘችው። ኖዛኪ የመንደሯ ሰው ነው፤ በበጋ ከእሷ ማሳ አጠገብ ሽንኩርት ያመርታል፣ በክረምት አውሮፕላን ማረፊያው ይቀጥረውና በረዶ መጥረጊያ መኪና ይነዳል። ከመንደሩ ገበሬ ግማሹ ክረምቱን የሚገፋው እንዲህ ነው። ቢጫ ልብሱ እስከ ጉልበቱ ርሷል፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«እትዬ ኪኑዌ! እርስዎ ደግሞ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ሾዞ አረፈብኝ። ሴንዳይ መድረስ አለብኝ።»

የሚበላበትን ጥንድ እንጨት አስቀምጦ ብድግ አለና እጅ ነሳ። «ነፍሱን ይማር» አለ። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ቀረብ አለ። «ይስሙኝ፣ በባቡር ይሂዱ። አሁኑኑ።»

«እያጣራን ነው ይላሉ እኮ።»

«የምን ማጣራት! እኔ አይደለሁ እንዴ ማኮብኮቢያው ላይ ያለሁት? አሥራ ሁለት መኪና ተሰልፈን እንጠርጋለን፤ ጫፍ ደርሰን ስንዞር የጠረግነው ተመልሶ ነጭ ሆኖ ይጠብቀናል። እንደ ዛሬ ያለ እርጥብ በረዶ አይቼ አላውቅም። ጠዋት ሁለት አውሮፕላን ክንፉ ላይ በረዶ እንዳይዘው የሚረጨውን አረንጓዴ መድኃኒት አስረጭቶ ወጥቶ ነበር፤ ተራው ሳይደርስ መድኃኒቱ ጊዜው አለፈበትና ተመለሰ። እንደገና አስረጨ፤ እንደገና ተመለሰ። አለቃችን እስከ ማታ እንደማይከፈት ለሁሉም የአየር መንገድ ድርጅት አራት ሰዓት ላይ ነግሯቸዋል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

«ታዲያ ለምን አይነግሩንም?»

«እኔ ምን አውቄ! ሽንኩርት አብቃይ ነኝ» አለና የምሬት ሳቅ ሳቀ። «የስምንት ሰዓት ከአርባው ባቡር አያምልጥዎ። እሱ በባሕሩ በኩል ነው የሚሄደው፤ እዚያ በረዶው ቀላል ነው። ቢዘገይም ይሄዳል። ከሱ በኋላ ያለው ግን ከመጨረሻው የሴንዳይ ባቡር አያገናኝዎትም።»

አመስግናው ወጣች። እንግዲህ አንድ ሞኝነት ልንገራችሁ፤ ሞኝነቱ የእሷ ብቻም አይደለም፤ ያገሩ ሁሉ ነው። ኖዛኪን ከልጅነቱ ታውቀዋለች። ዋሽቷት አያውቅም። ቦቲው ላይ ያለው በረዶ ገና አልቀለጠም። ነገር ግን ኖዛኪ ጎረቤት ነው፤ ኩሪሃራ ደግሞ የደንብ ልብስ ለብሳለች። ድርጅቱ ሳይናገር ጎረቤት ነገረኝ ብሎ ሰልፍ ጥሎ መሄድ ለኪኑዌ ድርጅቱን ውሸታም ብሎ እንደመስደብ ሆነባት። ቢያንስ ጠይቄ ልሂድ አለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለዚህ ነው።

ተራዋ ደርሶ ባንኮኒው ፊት ስትቆም ሰባት ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

«ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሥራ ላይ ነሽ» አለች ኪኑዌ። «ነገ ጠዋት የወንድሜ ቀብር ነው። በባቡር ብሄድ ይሻላል ትያለሽ?»

ኩሪሃራ ከንፈሯን ነከሰች። ከኋላዋ ጥቁር ኮት የለበሰ አለቃ ቆሟል፤ ስልኩን ከጆሮው አላነሳም። «ክብርት ደንበኛችን፣ በሐዘንዎ በጣም አዝናለሁ። በረራው ግን አልተሰረዘም። ጉዳዩን እያጣራን ነው።»

«አልተሰረዘም ማለት፣ ይሄዳል ማለት ነው?»

«አልተሰረዘም ማለት ነው።» አንገቷን ደፋች። «ቀጣዩ ማስታወቂያ በስምንት ሰዓት ይሆናል። ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ኪኑዌም ይቅርታ ጠየቀች። ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት! ሥራ ስላስፈታቻት። ከዚያ ሻንጣዋን ይዛ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች፤ ስምንት ሰዓትን ጠበቀች። የስምንት ሰዓቱ ማስታወቂያ ቀጣዩን ለስምንት ተኩል ቀጠረ። ለግማሽ ሰዓት መባሉ ደስ አላት፤ ነገሩ የቀረበ መሰላት፤ አሁን ባቡር ብሳፈርና አውሮፕላኑ ወዲያው ቢነሳ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እሆናለሁ ብላ ፈራች።

ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ አዳራሹ ውስጥ ድንጋጤ ሆነ። የግመል ቀለም ካፖርት የለበሰ ሰውዬ ባንኮኒውን በቡጢ እየደበደበ ይጮህ ነበር። «እኔን ማን አድርጋችሁ ነው! ማን አድርጋችሁ ነው! የበላያችሁን አምጡልኝ! ስማችሁን ንገሩኝ!» ሰው ሁሉ ስለ እሱ አፍሮ መሬት መሬቱን አየ። ኪኑዌም አፈረች። ባለ ጥቁር ኮቱ አለቃ ስልኩን ዘግቶ ሮጠ፤ ሰውዬውን ክንዱን ይዞ፣ እየሰገደ፣ ወደ ጓዳ አስገባው።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ሰውዬው ወጣ። ረጋ ብሏል። ስልክ እያወራ በኪኑዌ ፊት አለፈ። «አይሄድም። ከረፋዱ ጀምሮ ያውቁ ነበር። በባቡር ነው የምመጣው... አዎ፣ ትኬቱን ራሳቸው አስይዘውልኛል።»

ኪኑዌ ብድግ አለች። «ጌታዬ፣ ይቅርታ፣ የትኛው በረራ ነው የማይሄደው?»

ሰውዬው ሳይቆም ዞር ብሎ አያት። «ሁሉም ነው፣ እናቴ! አልነገሩዎትም እንዴ? ባቡሩ ሊሄድ አምስት ደቂቃ ነው የቀረው!» ብሎ ፍጥነቱን ጨመረ።

ባቡር ጣቢያው እዚያው ምድር ቤት ነው። ኪኑዌ ሻንጣዋን አንስታ ሮጠች፤ ስድሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የዘራችባቸውን፣ የጎበጠችባቸውን፣ ያጎነበሰችባቸውን ጉልበቶች ይዛ ሮጠች። ተንቀሳቃሹ ደረጃ ላይ ሰው በግራ በኩል ተደርድሮ ቆሟል፤ ቀኙ ባዶ ነው፤ በቀኙ ወረደች። መግቢያው ጋ ስትደርስ ቲኬት የላትም፤ ቲኬት መሸጫው ማሽን ፊት ሦስት ሰው አለ። «እባካችሁ አሳልፉኝ» ማለት አቃታት። ሦስቱን ጠበቀች። ቲኬቷን ይዛ ስትገባ የባቡሩ በር ተዘግቶ ነበር። በመስኮቱ ባለ ካፖርቱን አየችው፤ ጋዜጣ ዘርግቷል።

ባዶው ሐዲድ ፊት ቆማ ሳዮን ደወለችላት።

«አክስቴ! የት ደረሽ?»

«ያው እዚሁ ነኝ። ሳዮዬ፣ ቀኑን ማዛወር አይቻልም?»

«ጠይቄ ነበር። ማቃጠያውን እስከ መጪው ሳምንት ሰው ይዞታል አሉኝ። አይዞሽ፣ ካልሆነም እኔ...» አልጨረሰችውም።

ኪኑዌ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ውስጧ የተነሳው ነገር ሐዘን አልነበረም። ቁጣ ነበር፤ ንጹሕ ቁጣ። ባሏን ስትቀብር ያልተቆጣች፣ ሽንኩርቷን ጎርፍ ሲወስድባት ያልተቆጣች ሴት ናት። ደረጃውን ወጣች፤ አዳራሹ ገባች፤ ሰልፉን አልፋ ባንኮኒው ፊት ቆመች። ሰዎቹ ተራ የጣሰችውን አሮጊት አዩአት። ኩሪሃራ ድምፅ ማጉያውን ይዛ «ቀጣዩ ማስታወቂያ በዘጠኝ...» እያለች ነበር።

«ልጄ፣ አቁሚ» አለች ኪኑዌ። «ታውቂ ነበር ወይስ አታውቂም?»

«ክብርት ደንበኛችን...»

«ደንበኛ አትበይኝ! እናትሽን ነው የማክል። አይሄድም ወይስ ይሄዳል?»

ባለ ጥቁር ኮቱ ፈጠን ብሎ መጣ። «እመቤቴ፣ እዚህ ጋ ገባ ብለን እንነጋገር...»

«ጓዳ አልገባም!» የራሷ ጩኸት ራሷን አስደነገጣት፤ ግን አላቆመችም። «ጓዳችሁ ውስጥ እውነት እንዳለ አየሁ። ለጮኸባችሁ ሰውዬ አውጥታችሁ ሰጣችሁት። እኔ አልጮህኩም፤ ስለዚህ ተቀመጪ አላችሁኝ። ጨዋነቴን አይታችሁ ነው ያታለላችሁኝ!»

«ውሳኔው የቶኪዮ ነው እመቤቴ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት...»

«ቶኪዮ ዛሬ ፀሐይ ነው! ፀሐይ ላይ ቁጭ ያለ ሰው ነው ስለዚህ በረዶ የሚወስነው? መስኮቱ ይኸው! ተመልከት!»

አለቃው መስኮቱን አላየም። ያየችው ኩሪሃራ ናት። ከዚያ ድምፅ ማጉያውን ወደ አፏ አስጠጋች፤ እንባዋ እየወረደ ነው። ምንም አልወጣትም። ኪኑዌ ጠበቀቻት። አንድ፣ ሁለት ትንፋሽ ጠበቀቻት። ከዚያ ራሷ ወደ ሰልፉ ዞረች።

«ሰዎች! አይሄድም! ከአራት ሰዓት ጀምሮ ያውቃሉ። ወደ ደቡብ፣ በሃኮዳቴ ከተማ በኩል የምትሄዱ አሥር ሰዓት ላይ ባቡር አለ። ደግሞ ማሽኑ ጋ ሰልፍ አለና አሁን ሂዱ። እኔን አትጠብቁኝ፤ ሴንዳይ በሰዓቱ የሚያደርሰኝ የኔ ባቡር አምልጦኛል!»

ለአፍታ ማንም አልተንቀሳቀሰም። አንድ ሽማግሌ አለቃውን አየ፤ አለቃው እንዲያስተባብል ጠበቀ። አለቃው ፊቱን ወደ ስልኩ መለሰ። ሽማግሌው የሚስቱን ሻንጣ አነሳ። ከዚያ ሰልፉ ከጫፉ መፈታት ጀመረ፤ ሰው እየሮጠ፣ አንዳንዱ በፊቷ ሲያልፍ ጎንበስ እያለላት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ አለች በልቧ ስለ ራሷ። መሰረዙ በይፋ የተነገረው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ በይቅርታ ታጅቦ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሳዮ ደወለች። ከኋላዋ የጸሎት ደወል ይሰማል።

«አክስቴ፣ አታስቢ። የቀብር አስፈጻሚዎቹ ሠራተኛ አብሮኝ አጥንቱን ሊያነሳ ነው። ቱቺያ ይባላል። ጥሩ ሰው ነው።»

«ስጪኝ እስቲ እሱን።»

የጎልማሳ ድምፅ መጣ፤ በትሕትና ራሱን አስተዋወቀ።

«አቶ ቱቺያ» አለች ኪኑዌ። ወለሉ ላይ፣ ካርቶን አንጥፋ ነው የተቀመጠችው። «ነገ በኔ ቦታ የምትቆመው አንተ ነህ። ሾዞ ስምንት ዓመት ሲሆነው ከፖም ዛፍ ወድቆ ግራ ቅልጥሙ ተሰብሮ ነበር። የገጠመበት ጋ እብጠት አለው፤ ስታየው ታውቀዋለህ። ያንን እግር ሁለት ወር ሙሉ በጀርባዬ አዝዬ ትምህርት ቤት ያመላለስኩት እኔ ነኝ። እሱን ስታነሱ ቀስ በሉ።»

«እሺ፣ እጠነቀቃለሁ። ለወንድምዎ የምነግርልዎት ነገር ካለ...»

«አለ» አለች ኪኑዌ። ውጭ ኖዛኪና ጓደኞቹ አሁንም መብራታቸውን አብርተው፣ በረዶው ውስጥ ተደርድረው እየጠረጉ ነው። «እህትህን በረዶ አስቀራት እንዳትለው። በረዶው አልዋሸኝም።»