ከወዲያኛው ምሽግ የመጣው ለቀስተኛ

«ከበዳችሁ?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ሣጥኑን ሳሎን መሃል ያሳረፉትን ወታደሮች።

ወታደሮቹ ተያዩ። «አጥንት እኮ ነው፣ እናቴ» አለ አንደኛው።

ምኑን ትመን? ታናሽ ወንድሟ ሸምበቆ ከዘመተ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ሁለቴ «ሞቷል»፣ አንዴ ደግሞ «ተማርኳል» የሚል ደብዳቤ ደርሷታል፤ ሦስቱም ማኅተም ነበራቸው። አሁን ደግሞ በምስማር የተመታ ሣጥንና «ተረክቤያለሁ» ብላ የምትፈርምበት ወረቀት።

«የማን አጥንት እንደሆነ ሳላውቅ አልፈርምም።»

«እረ ባክሽ፣ ሰው ይታዘበናል» አላት ታላቅ ወንድሟ በጆሮዋ። «ከነገ ወዲያ ይቀበር፤ እኛም ይውጣልን።»

እሱም አጠራጠራት። ምን አስቸኮለው?

ለቀስተኛው ግን ሻዩን እየጠጣ ሟችን ያነሳል። «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነበር!» አለች ጎረቤቷ። ልብስ ሰፊዋ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ጨዋ? ቅዳሜ ቅዳሜ ደንበኞቿ ያሰፉትን ሱፍ ለብሶ ጭፈራ የሚሄደው ሸምበቆ? አንድ ሙሽራማ አዲሱን ሱፉን ሲሞክር ከኪሱ የሲኒማ ትኬት አውጥቶ አፋጥጧት ነበር።

ከለቀስተኛው መሃል ያየችው አንድ የማታውቀው ሰውዬ በማግስቱም መጣ። ፀጉሩ የሸበተ፣ በሩ አጠገብ የሚቀመጥ፣ ሻይ ሲሰጡት የማይቀበል። ታላቅ ወንድሟ የእሷ እንግዳ መስሎታል፤ እሷም የእሱ መስሏት ነበር። ዓይኑን ከሣጥኑ አይነቅልም። አሁን ግን ወረቀቱን አስፈርም ተብሎ የተላከ ነው ብላ ደመደመችና አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች።

«ይቅርታ፣ እርስዎ በማን በኩል ነዎት?»

«በሟች በኩል።»

«የት ይተዋወቃሉ?»

«በሕይወት ሳለ አላውቀውም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የቀበርኩት እኔ ነኝ። ቦታውንም ለወታደሮቹ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ከወዲያኛው ምሽግ ነበርኩ።»

አንቱታው ከአፏ ጠፋ። «አንተ ነህ የገደልከው?»

«አላውቅም፣ እህቴ። የዚያን ዕለት ሁላችንም ተኩሰናል።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ምነው ዝም አልክ?»

«ምን ነኝ ብዬ ልምጣ?» መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ አሻሸ። «የሌሎቹን እጅ ደረታቸው ላይ አጣጥፌ ነው የቀበርኩት። የእሱ ግራ ክንድ ግን እምቢ አለኝ። ክርኑ ላይ ጠምሞ የገጠመ የድሮ ስብራት ነበረበት። በዚያ በኩል ጉድጓዱን ሰፋ አደረግሁለት። ሲያወጡትም እንደተኛ አውጥተው፣ እንደተኛ ነው ሣጥን ውስጥ ያስገቡት።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ሣጥኑ ዞረች። ስለዚያ ክንድ ወታደሮቹ ባመጡት ወረቀት ላይ አንድም ቃል የለም። የሰበረችው እሷ ናት፤ በልጅነታቸው ተጣልተው ከአጥር ላይ ገፍትራው። እናታቸው ስትጠይቀው «ራሴ ነኝ የወደቅሁት» አለ፤ እስከ ዘመተባት ጠዋት ድረስም ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ተነሳች። ከትከሻዋ ላይ ጥቁሩን ሻርፕ አውልቃ አራት ቦታ አጠፈችው።

«ራስጌው በየት በኩል ነው?»

ሰውዬው በእጁ አመለከታት። ከዚያ ጉልበቱን ተደግፎ ተነሳና ሣጥኑን በግራ በኩል ከፍ አደረገላት። ሻርፑን በጠመመው ክንድ ትክክል ከሥር አስገብታ በመዳፏ አስተካከለችው።

«አሁን ያውርዱት» አለችው። «ቀስ አድርገው።»