ጭስ ኩሩ ነው

ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ነበር። በልብስ ስፌት ፋብሪካው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆራጯ መቀሷን አስቀመጠችና ወሬ እንዳለው ሰው ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ጓንቷ፣ ስሚኝማ። ልጄ ትናንት ያንን የልጆች ፊልምሽን ስልኳ ላይ አግኝታ ከመጀመሪያው ክፍል እስከ መጨረሻው አየችልሽ። ጠብ አለ፣ ከፎቅ ፎቅ መዝለል አለ። ቁጭ ብሎ የሚመክር ጀግና ግን የለም።"

"ቆርጠውት ነዋ" አለች ጓንቷ፣ ከምትሰፋው እጅጌ ቀና ሳትል።

"እኔ ሳላውቅ ማን ቆረጠ?"

ሴቶቹ ሳቁ። ጓንቷም ፈገግ አለች፤ ለምዳዋለች።

ጓንቷ የሚለውን ቅጽል ያወጡላት እነሱ ናቸው። በልጅነቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ከታላቅ ወንድሟ ጋር ጎረቤት ቤት እየሄደች በቴሌቪዥን የምታየው ባለቀይ ጓንት ጀግና ነበር። ጠቡ ሲያልቅ የሰፈሩ ልጆች ያዩትን ለመድገም እየተጋፉ ወደ ደጅ ይሮጣሉ። እሷና ወንድሟ ግን እናታቸው ከሥራ ወጥታ እስክትወስዳቸው ከዚያ ቤት ንቅንቅ እንዳይሉ ታዘዋል። ስለዚህም ሌላው ያላየውን አዩ። ጀግናው ወንበር ይስብና ጓንቱን ያወልቃል፤ ከሥሩ ያለው እጅ እንደማንም ሰው እጅ ነው። ከዚያ አንድ ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ ልጆቹን ይመክራል፤ አንድ ቅዳሜ ስለተላጠ ሽቦ፣ አንድ ቅዳሜ ስለ ጥልቅ ውኃ። አብዛኛው ከአእምሮዋ ጠፍቷል። የእሳቱን ምክር ግን ወንድሟ አላስረሳትም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር አልጋ ሥር እያስዳኸ ሲያለማምዳት አደገች።

ወንድሟ ባለፈው ክረምት በሳንባ በሽታ ሞተ። ሊሞት ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ "ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም ይላል። እኔ ስሄድ ብቻሽን ትቀሪያለሽና ቅጂው" አላት። የእሳቱን ምክር እንደ ጀግናው ሆኖ ሲናገር በስልኳ ቀዳችው። አርባ ሰከንድ ነው፤ መሃሉ ላይ ያስላል። ለማንም ልካው አታውቅም፤ እንዲህ ያለውን የምትልክለት እሱ ብቻ ነበርና። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ሳትከፍተው አትውልም። መጀመሪያ አካባቢ ሴቶቹ እያዘኑላት ይሰሙላት ነበር፤ ሁለተኛው ወር ላይ፣ "ደሞ መጣ ሰውዬው" ማለት ጀመሩ። ቆራጯማ ድምፅዋን አጎርንና ታስመስለዋለች። ጓንቷ ትቆጣለች፣ ትስቃለች፣ በማግስቱ መልሳ ትከፍተዋለች። አሁንም ስልኩ ከማሽኗ አጠገብ ቻርጅ ላይ ተሰክቷል።

"እትዬ፣ የሚሸት ነገር የለም?" አለች አንዷ።

እትዬ የሚሏት ልብስ ተኳሿን ነው፤ በዕድሜ የሁሉም ታላቅ ናት። ካውያዋን አንሥታ አየችው። "ከኔ አይደለም" አለች። አፏን ሳትዘጋ፣ ከፊት ለፊቱ በር አጠገብ ከተቆለለው የቁርጥራጭ ጨርቅ ጆንያ ጥቁር ጭስ ተትጎለጎለ። ከጆንያው በላይ ያለው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ተንጣጣና መብራቱ ጠፋ። ማሽኖቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ዝም አሉ።

ጭሱ ጣሪያውን ሞልቶ ወደ ታች ወረደ። ሴቶቹ እንደ ወትሯቸው ወደሚወጡበት በር ተንጋጉ፤ የፊተኛዋ እያሳለች ወደ ኋላ ተመለሰችባቸው። አንዷ "መስኮት" አለች። ሌላዋ "ፍርግርግ ነው እኮ" አለች፤ ድምፅዋ የለቅሶ ነበር።

ጓንቷ መቼ ወለሉ ላይ እንደተኛች አታውቅም። ከጠረጴዛዎቹ ሥር አየሩ ገና ንጹሕ ነው። የሴቶቹ ጫማዎች ወዲያ ወዲህ ሲሉ ታያለች። ከጫማዎቹ ወዲያ ማዶ፣ በኋላኛው በር ሥር፣ እንደ ጥብጣብ የቀጠነች ብርሃን ተዘርግታለች።

"ጭስ ኩሩ ነው" አለች።

የሰማት የለም። አየር ሳበችና በወንድሟ ድምፅ፣ ወፍራም አድርጋ፣ ደገመችው።

"ጭስ ኩሩ ነው።"

ከጨለማው ውስጥ የቆራጯ ድምፅ፣ አፏ ለምዶት፣ መለሰ፤ "ራሱን ቀና አድርጎ ነው የሚሄደው።"

"እናንተ ዝቅ በሉ" አሉ ሦስት አራት ሆነው። ጉልበቶች ወለሉን ሲመቱ ተሰማ።

"ግድግዳውን በትከሻችሁ፣ የፊተኛውን እግር በእጃችሁ" አለች ጓንቷ፤ መዳህ ጀመረች። አንድ እጅ ቁርጭምጭሚቷን ያዘ። "እኔ ነኝ፣ ቀጥዪ" አለች ቆራጯ። ከኋላ እትዬ፣ "ጉልበቴን ለዚህ ነበር ስጠብቀው የኖርኩት" ስትል ተሰማች፤ በዚያ ጭስ ውስጥ የሳቀ ሰው ነበር። በሩ ላይ የጨርቅ ጥቅሎች ተደግፈዋል። ጓንቷና ቆራጯ ተኝተው ጎትተው ጣሏቸው። የበሩ መወርወሪያ ተፈናጠረ፤ የደረጃው አየር ፊታቸውን መታ።

ጓሮው ውስጥ ጓንቷ ቆጠረች። አሥር። ደገመች። አሥር። ፊቷ አመድ መሰለ። "አሥራ አንድ ነበርን እኮ። ማን ናት የቀረችው?"

"ራስሽንስ ማን ይቁጠርልሽ፣ የኔ ጀግና" አለች ቆራጯ።

ሳቁም ለቅሶውም አብሮ መጣ። እትዬ የጠቆሩ መዳፎቿን እያየች፣ "አሥራ አንዳችንም አለን" እያለች ለራሷ ትደጋግማለች። ጓንቷ እሳት አደጋ ልትጠራ እጇን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተች። ባዶ ነው።

ስልኩ ፎቅ ላይ ነው። ቻርጅ ላይ።

ደረጃው ከኋላዋ ነው፤ ሦስት ፎቅ ብቻ። ጭሱ ከበሩ በስሱ ይወጣል፤ በደረቷ ብትሳብ የምትደርስ መሰላት። አርባ ሰከንድ ድምፅ። በዚህ ዓለም ላይ ከወንድሟ የቀረው ድምፅ እሱ ነው። አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አሳረፈች።

"ምን ረሳሽ?" አለች ቆራጯ፤ አልያዘቻትም። የጓንቷ ዓይን ነገሩን ነገራትና፣ "ስልኩን ነው?" አለች ዝግ ብላ።

ጓንቷ አዎ በሚል ራሷን ነቀነቀች። ደረጃውን ቀና ብላ አየች። ከዚያ እግሯን ከደረጃው አነሣችና ጓሮው ውስጥ ከተገለበጠ አንድ ሣጥን ላይ ሄዳ ቁጭ አለች፤ ሽርጧንም ፈትታ አወለቀች።

ቆራጯ ከፊቷ ቆማ ድምፅዋን አጎረነነች፤ የዛሬው ግን ፌዝ አልነበረበትም። "ጭስ ኩሩ ነው፤ ራሱን ቀና አድርጎ ነው የሚሄደው። እናንተ ዝቅ በሉ።" እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ አሳለች፤ ልክ እሱ እንደሚያስለው፣ ሁለተኛውን አጠር አድርጋ። ጓንቷ ቀና አለች። ሌሎቹም ገቡበት፤ "ግድግዳውን በትከሻችሁ፣ የፊተኛውን እግር በእጃችሁ። ስትወጡ ተቆጠሩ። የረሳችሁት ቢኖር አትመለሱ፤ ከረሳችሁት እናንተ ትበልጣላችሁ።"

አንድም ቃል አልሳቱም። ሦስት ወር ሙሉ እየሰለቻቸው ሲሰሙት ከርመዋል።

"ነበር በይኛ እንግዲህ" አለች ጓንቷ፣ እንባዋን በሽርጧ እየጠረገች።

"ነበር" አለች ቆራጯ። "ለልጄም ዛሬ ማታ እነግራታለሁ።"

ስልኩ ከማሽኑ ጋር ቀልጦ ተገኘ። ፋብሪካው ከአራት ወር በኋላ በሌላ ሕንፃ ሥራ ጀመረ። አዲስ የሚቀጠር ሰው ማሽን ከመረከቡ በፊት ቆራጯ ቁጭ ታደርገውና ቃሉን ታስጠናዋለች። "ዝቅ በሉ" ከሚለው በኋላ ሁሉም ሁለት ጊዜ ያስላሉ።