የሮሐ ሬዲዮ

ሮሐ አሰላ ላይ ቤት ስትከራይ ልጅ አለሽ ወይ ተብላ ተጠየቀች፤ የለኝም አለች። ምን ታድርግ! የስድስት ዓመት ልጇ ቢታንያ መቀመጥም መናገርም አትችልም። በእሷ ሰበብ ዲክሲስ ላይ ሁለት አከራዮች ከነዕቃቸው አስወጥተዋቸዋል፤ አንደኛዋማ እርግማኑ ወደ ልጆቼ ይሻገራል ብላ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ሜዳ ላይ መውደቅ አልፈለገችም።

ስለዚህ ልጅቷን በጋቢ ጠቅልላ ከፍራሽ ጋር አስገባቻት። እዚያው ቤት ልብስ እየሰፋች፣ ቢታንያ ድምፅ ባሰማች ቁጥር ሬዲዮውን እስከ ጥግ ትለቀዋለች። ከስሱ የጭቃ ግድግዳ ማዶ አከራይዋ እትዬ እታገኘሁ አሉ። እሳቸው ካወቁ አለቀላት።

በስምንተኛው ወር ሮሐ በምስጢር ያስጠራቻት ፈይሩዛ መጣች። እየቤቱ እየዞረች አካል ጉዳተኛ ልጆችን የምታለማምድ ናት፤ ሮሐ ልብስ ልታሰፋ የመጣች ደንበኛ አስመስላ አስገባቻት። ፈይሩዛ ከዘንቢሏ ምን ብታወጣ ጥሩ ነው? ከበሮ! ሮሐ ክው አለች።

ቀስ ብዬ ነው የምመታው ብላ ማለችላት። ሬዲዮው ግን ይዘጋ አለች፤ ልጅቷ የከበሮውን ድምፅ ለይታ ካልሰማች እጇን አታነሳም። ሮሐ ዘጋችው።

ፈይሩዛ ሁለቴ መታ አድርጋ ጠበቀች። ምንም የለም። ደግማ መታች። ይኼኔ ቢታንያ የተጨበጠ እጇን እንደምንም አነሳችና ከበሮው ላይ ጣለችው። ድም አለ። ከዚያ ሳቀች፣ ግቢው እስኪሰማ ሳቀች። ሮሐን ደስታው ሊገድላት ነበር፤ እጇ ግን የልጇን አፍ ለማፈን ቀድሟት ተዘረጋ።

በሩ ተንኳኳ።

እትዬ እታገኘሁ ናቸው። ሮሐ እግራቸው ላይ ወድቃ፣ ዕቃዋን እስክትሸክፍ እስከ ቅዳሜ እንዲታገሷት ለመነች። ሴትዮዋ አልፈዋት ገቡ። የቢታንያን ክንድ ገለጡ፤ አገላብጠው ጀርባዋን ዳሰሱ። ሰንበር ነበር የሚፈልጉት።

«ልጅ ሲያለቅስ እሰማለሁ፤ ወዲያው ሬዲዮ ይጮኻል» አሉ። «የምትደበድቢያት መስሎኝ ነበር። ቀበሌ ብናገር ደግሞ ይዘሻት ትጠፊያለሽ ብዬ ፈራሁ። አሁን ድም ሲል፣ በቃ ገደለቻት ብዬ ስወጣ ሳቋን ሰማሁ።»

ስምንት ወር ሙሉ ሮሐ የፈራቻቸው ሴትዮ እሷን ሲፈሩ ኖረዋል።

እትዬ እታገኘሁ ሬዲዮውን ከነገመዱ ነቅለው ነጠላቸው ውስጥ ወሸቁት።

«ይሄ እኔ ጋ ይቆይ» አሉ። «ልጅቷን ልስማት።»