ነፋስ የማይገባበት ቤት

ልጅቱ የጥጥ ፈትሉን ጫፍ ለኮሰችና እፍ ብላ ነበልባሉን አጠፋችው። ጭሱ መነሳት ሲጀምር ከመስኮቱ ጠርዝ አስጠግታ ያዘችው።

“ትንፋሽዎን ያዝ ያድርጉና ይዩ፣ እትዬ።”

ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ ትንፋሿን ያዘች። ጭሱ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አላለም፤ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ውጭ ዝናብና ነፋስ ግቢውን ይገርፉታል። ዛፉ እየተጎነበሰ ሲነሳ በመስታወቱ ይታያል፤ ድምፁ ግን የለም። የታሸገው ኮርኒስ የቆርቆሮውን ጩኸት ሳይቀር ውጦታል።

“ድሮ እዚህ ጋ ሻማ አይበራም ነበር፤ ነፋሱ ያጠፋዋል” አለች ልጅቱ። “አሁን መስኮቱ ድርብ መስታወት ነው። ዙሪያውን ጎማ አልብሼዋለሁ። ከኮርኒሱ በላይ ፎም አለ፣ በሩም ሥር ጎማ አለ። ደግሞ ማንም አላስተማረኝም።”

“ማንም እንዳላስተማረሽ ስትነግሪኝ ለስንተኛ ጊዜ ነው?”

“የእርስዎን ቤት ስሠራ ደግሞ እነግርዎታለሁ።”

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ ቆመና ግንባሯን በመዳፏ ያዘች። “ቤትሽ ያምራል ልጄ፣ አልዋሽም። ግን እዚህ በገባሁ ቁጥር ራሴን ይወቅረኛል። ወጥቼ ደጄ ስደርስ ይተወኛል።”

“ቅናት እንደዚያ ያደርጋል ሲሉ ሰምቻለሁ።”

“አይ አንቺ፣ ምላስሽን በጎማ የሚያሽግልሽ ነው የጠፋው።”

የልጅቱ አባት ጣሪያ ሠሪ ነበር። ይህን ቤት በገዛ እጁ ሠርቶ፣ እዚሁ ኖሮ፣ ባለፈው ዓመት እዚሁ ሞተ። ልጁ መሰላሉን እየያዘችለት ነው ያደገችው። ሚስማር ስታቀብለው ይቀበላታል፤ ሐሳብ ስታቀብለው ግን አይሰማትም። የቀረውን ከስልክ ቪዲዮና ካበላሸችው ሥራ ተማረች። ቤቱን ማሸግ የጀመረችው እናቷ በብርድ ስትንቀጠቀጥ ማየት ስላቃታት ነው፤ ይሄ እውነት ነው። ለደንበኛ የምታሳየው ቤት ስላስፈለጋትም ነው። ከዚህም ሌላ አባቷ ያላወቀውን እንደምታውቅ ማሳየት ፈልጋ ነበር። ለማን እንደምታሳይ ግን አስባው አታውቅም።

ከሁሉ በላይ ያናደዳት አባቷ በእናቷ ክፍል ኮርኒስ ጥግ ላይ የተወው ቀዳዳ ነበር። እጅ በሰፊው የሚያስገባ፣ በሽቦ ወንፊት ብቻ የተሸፈነ፣ በቀጥታ ወደ ውጭ የሚወጣ። ጣሪያ ሠሪ የራሱን ቤት ቀድዶ ይተዋል? “ስንፍና!” አለችና በፎም ሞላችው። በችፑድ ጣውላ ከደነችው፣ ስንጥቁን በስቱኮ ደፈነችው፣ ቀለም ቀባችው። አሁን ዐይን አያገኘውም።

ልብስ ሰፊዋ በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“እናትሽ ከማን ጋር ነው የምታወራው?”

“ከማን ጋር ታወራለች? ብቻዋን ነው የምትውለው።”

“ጠዋት ቀሚሷን ላስለካት መጥቼ ነበር። ‘ቀስ በይ፣ ገና አሁን ጋደም አለ’ አለችኝ። አልጋው ላይ ማንም የለም። እኔ እሆን እንዴ ያበድኩት ብዬ ፍራሹን ዳሰስኩት። ሞቅ ብሎ ነበር።”

“ሙሉ ቤቱ ሞቋል እኮ፣ እትዬ። ለዚያ ነው የለፋሁት።”

በሩ ሲከፈት ነፋሱ ዘሎ ገባ። ሲዘጋ ጎማው ጥርስ እንደሚገጥም ገጠመና ቤቱ እንደገና ዝም አለ።

እናቷ ክፍሏ ውስጥ ከከሰል ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ወጥ ታማስላለች። ፊቷ ከስንት ጊዜ በኋላ ወዝ አውጥቷል። ፍሙ ጭስ የሚባል የለውም።

“እማዬ፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?”

“ከአባትሽ ጋር ነዋ።” ጨው አቀብዪኝ እንደማለት አድርጋ ነው ያለችው። “ቤቱ ሲሞቅ መጣ። ብርድ አይወድም ነበር፣ ታውቂ የለ።”

“ምን ይልሻል?”

“ምንም። በሕይወት እያለስ መቼ ያወራ ነበር?” ሳቅ አለች። “በርጩማው ላይ ይወጣና እዚያ ጥግ ላይ አንጋጦ ያያል። ሥራሽን የወደደው አይመስለኝም።”

ልጅቱ የተሰማት ፍርሃት ሳይሆን ንዴት ነበር። ሰውዬው ሞቶም እንከን ይፈልጋል። ቀና ብላ ጥጉን አየች፤ ነጭ ነው፣ ልሙጥ ነው፣ የፀጉር ያህል ስንጥቅ የለውም።

ቢሆንም እናቷን ብቻዋን ትታ መውጣት አላስቻላትም። አጠገቧ ተቀመጠች። ከሰዓቱ ረዘመ። ዝናቡ በመስታወቱ ላይ ያለ ድምፅ ይወርዳል። ጭንቅላቷ ከበዳት፤ ድካም ነው ብላ ተወችው። ዐይኗን ጨፈን እንዳደረገች ሰማችው።

ቋ፣ ቋ። ቆይቶ ደግሞ ቋ።

አንድ ሰው ኮርኒሱን በጣቱ አንጓ ያንኳኳል። ከኋላው ባዶ የሆነውን ቦታ የሚፈልግ ሠራተኛ እንደዚያ ነው የሚያንኳኳው። ዐይኗን ሳትገልጥ የማን እጅ እንደሆነ አወቀች።

ስትገልጥ ጀርባውን አየችው። በርጩማው ላይ ቆሟል። ትከሻው ላይ የስቱኮ ብናኝ አለ። መዳፉን፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነካ ሰው፣ ጥጉ ላይ ለጥፏል። አልደነገጠችም። ኋላ ስታስበው ያስፈራት ይሄው አለመደንገጧ ነው። ዞር ብሎ “ጎበዝ” እስኪላት ነበር የምትጠብቀው። በሕይወቱ ብሏት አያውቅም፤ አሁን ግን የሚላት መሰላት። ያችን ቃል ለመስማት እዚያው ተቀምጣ ልትቀር ትችል ነበር።

“አየሽው?” አለች እናቷ በእንቅልፍ ድምፅ። ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። አላነሳችውም።

ልጅቱ ላንሳው ብላ ስትነሳ ጉልበቷ ከዳት። በእንብርክኳ ወድቃ ከፍሙ ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጠች። ቀይ ነው፣ ዝም ብሏል። ቀጥ ብሎ የቆመው ጭስ ትዝ አላት። ምንም አይገባም ብላ ስትፎክር ነበር። ምንም የማይገባበት ቤት ምን ይወጣበታል? የከሰሉ ትንፋሽ ከጠዋት ጀምሮ የት ነው የሚሄደው? አባቷ ቀዳዳውን የተወው በትክክል ከምድጃው በላይ ነበር።

እናቷን ብብቷ ሥር ይዛ ጎተተቻት። በሩ ጥብቅ ብሎ እንቢ አላት፤ ራሷ ነበረች ያጠበቀችው። በትከሻዋ ገፍታ ከፈተችው። ዝናቡ ላይ ወጥታ አስመለሳት።

ልብስ ሰፊዋ ጃንጥላ ይዛ እየሮጠች መጣች። “ምን ሆናችሁ?”

“ከሰሉ ነው፣ እትዬ። ራስዎን ሲያምዎት የነበረው እሱ ነው። ያሸግሁት ደግሞ እኔ ነኝ።”

ልብስ ሰፊዋ ልትመልስላት የምትችለው ብዙ ነገር ነበር። ሹራቧን አውልቃ ለእናትየው ደረበችላትና “ጤና ጣቢያ የሚያደርሰን መኪና ልጥራ” ብላ ብቻ ሄደች።

ልጅቱ ትንፋሿን ይዛ ተመልሳ ገባች። ምድጃውን አውጥታ ዝናቡ ላይ ገለበጠችው፤ ፍሙ እንደ እባብ ፉጨት አሰማ። መስኮቶቹን ሁሉ ከፈተች። መጋዝ አነሳችና ወደ ጥጉ ሄደች። በርጩማው እዚያው ጥጉ ሥር ቆሞ ነበር። ማን እንዳመጣው ለመጠየቅ አልቆመችም፤ ወጣችበት። ቀለሙን ጫረች፣ ስቱኮውን ሰበረች፣ ችፑዱን ዙሪያውን ቆረጠች፣ ፎሙን መዝዛ ጣለች። ቀዝቃዛ አየር ፊቷን መታት። ከስንት ሳምንት በኋላ የቆርቆሮው ጩኸት ተሰማ።

“ከከፈትሽው አይመጣም።” እናቷ ደጃፉን ተደግፋ ቆማለች።

“ሊገድልሽ ነበር እኮ፣ እማዬ።”

“እሱ ነው ወይስ አንቺ?”

እናቷ ልጇ የያዘችውን የችፑድ ክዳን አየች፤ ከዚያ እጇን ዘረጋች። ድምፅዋ ለሰለሰ።

“ስጪኝ፣ እኔ ጋ ይቀመጥ። ከሰሉን ውጭ ነው የማነደው። ሲበርደኝ ብቻ...” አልጨረሰችውም።

ልጅቱ የችፑዱን ክዳን ገልበጥ አድርጋ አየችው። በሕይወቷ እንደዚህ የተስተካከለ ነገር ቆርጣ አታውቅም። መልሳ ብትገጥመው ወለል ላይ የፈሰሰ ወተት ያህል ልሙጥ ይሆናል። ወደ ጥጉ ቀና አለች። ዝናብና ቆርቆሮ ብቻ ነው የሚሰማው። እሷም ለአፍታ፣ አንድ ቀን ብቻ፣ አንዲት ከሰዓት ብቻ ብላ አሰበች።

ከበርጩማው ወረደች። ክዳኑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሰበረችው። ግማሹን እንደገና ሰበረችው።