የዘንባባዋ መሃል

፩

ቢላዋውን የያዝኩት እኔ ነኝ። አስቀድሜ የምናገረው፣ ወደ ታች ስትወርዱ ጥፋተኛ ፍለጋ እንዳትደክሙ ነው።

፪

እስካሁን የሠራኋቸው ዘንባባዎች፦

ከቆርቆሮ፣ ሁለት።
ከአርማታ ብረት፣ አራት።
ከሲሚንቶ፣ አንድ። ባሕር ዳር አንድ ሆቴል በር ላይ ቆሞ ወፍ ያርፍበታል።

ቀራፂ ነኝ። ሕይወት ያለው ዘንባባ ግን የነበረን አንድ ብቻ ነው፤ እናቴ ውባለም እኔ በተወለድኩ ዓመት ግቢያችን ውስጥ የተከለችው።

፫

የሆሳዕና ቀለበት አሠራር፣ አባቴ እንዳስተማረኝ፦

ለጋ ቅጠል በቀጭኑ ሰንጥቁ። ጣታችሁ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥሙ። ጫፉን አሾልካችሁ መስቀሉን አውጡ። ከዚያ ቋጠሮውን

(ቋጠሮውን ሁልጊዜ እሱ ነበር የሚቋጥርልኝ። አልተማርኩትም። ሰው አባቱ የሚያልቅ አይመስለውም።)

፬

አባቴ መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ ቁልፍ ያስቀመጠበትን፣ ቀጥሎ የእናቴን መሞት፣ ከዚያ እኔን። በስሜ ከጠራኝ ዓመት ሊሞላው ነው።

ሐኪሙ «አንዳንዴ እጅ ከራስ የበለጠ ያስታውሳል» አለኝ። ይህችን ቃል ይዤ ሆሳዕናን ጠበቅሁ። ቀለበቱን ሠርቶ ጣቴ ላይ ሲያጠልቀው ስሜን ይጠራኛል ብዬ።

ተስፋ።

ሌላ ምን ልበለው?

፭

የሆሳዕና ዋዜማ፣ ጠዋት፣ መሰላል አስጠግቼ ወጣሁ። የዳር ቅጠሎቹ ሻካራ ናቸው። መሃል ላይ ግን ገና ያልተፈታ፣ ነጭ ቡቃያ ቆሟል። ለአባቴማ ምርጡን እንጂ! ከሥሩ ቆርጬ አወረድኩት።

፮

በረንዳ ላይ የተባለው፣ ቃል በቃል፦

እኔ፦ አባዬ፣ ቅጠል አመጣሁልህ።
እሱ፦ (በአውራ ጣቱ ይዳስሳል።)
እኔ፦ እስቲ ቀለበት ሥራልኝ።
እሱ፦ ከየት ነው ይሄ?
እኔ፦ ከእማዬ ዘንባባ።
እሱ፦ መሃሉን?
እኔ፦ አዎ፣ ለጋውን።
እሱ፦ ኧረ አንቺ ሴት! ከዳር ከዳር ነው እንጂ፣ የዘንባባ መሃል ተነክቶ ያውቃል? ገደልሻት እኮ! ውባለም ስትመጣ ምን እላታለሁ? ቆይ፣ የማን ልጅ ነሽ አንቺ?

፯

እውነቱን ነው። የእኛዋ የምታድገው በዚያች በአንዲት ጫፏ ብቻ ነበር። ሰባት ዘንባባ ስሠራ ይህን አላውቅም ነበር፤ ብረት ማደግ አያስፈልገውማ።

ክረምቱ ሳይወጣ ደረቀች። ከግንዷ የእናቴን ፊት ልቀርፅ ሞከርኩ። መሮው በነካው ቁጥር ቃጫ እየሆነ ተበተነ። አለቀስኩ። እዚህ ላይ የሚያምር ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነበረብኝ፣ አልመጣልኝም።

፰

ሁሉን የሚረሳው አባቴ ይህን አልረሳም። በየጠዋቱ ባዶውን ቦታ እያየ፣

«አንዲት ሴት መጥታ ዘንባባችንን ገደለችብን» ይለኛል።

«እግዜር ይይላት» እላለሁ አብሬው።

ዛሬ ደግሞ ወደ እኔ ዞረና፣

«ስሟን ታውቂዋለሽ?» አለኝ።

፱

ስሟ፦