ሁለት ጣት

ቀኑ ማክሰኞ ነበር፤ ሰዓቱ ከሻይ እረፍት በፊት። ሰባት ሰው ቆሞ እየሰማ የእንጨት ሥራ ቤቱ አለቃ አናጢውን፣ የገዛ እህቱን ባል፣ «የአንተ እጅ ለቫርኒሽ እንጂ ለመላጊያ አልተፈጠረም» አለው። ከሰባቱ አራቱ ሳቁ። ነገሩ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ አናጢው ግን ማን ማን እንደሳቀ ዛሬም በጣቱ ይቆጥራል።

ስለዚህ ከመሰላል ወድቆ ቀኝ ትከሻው ሲሰበር፣ ከሕመሙ ቀድሞ የመጣበት ያ ንግግር ነበር። ሐኪሙ ራጁን ወደ መብራት አንስቶ አየና፣ «አጥንቱ ተሰነጠቀ እንጂ ከቦታው አልሸሸም። ኦፕራሲዮን አያስፈልግህም። በጨርቅ አንጠልጥለን እናሳርፈዋለን፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ማንቀሳቀስ ነው» አለው። አለቃው ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ይዞ ሲያንሾካሹክ ግን በበሩ ክፍተት አይቷል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ‹በጨርቅ የሚድን አጥንት የተገኘው ለእኔ ሲሆን ነው› አለ በሆዱ።

ሦስት ሳምንት እጁን ከአንገቱ አንጠልጥሎ፣ ሌሊቱን ትራስ ተደግፎ ቁጭ እንዳለ እያንጎላጀ ከረመ። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ ክንዱን እንደ ባልዲ ማወዛወዝ መጣ። በስድስተኛው ሳምንት ሐኪሙ ሌላ ራጅ አይቶ «ይዟል» ሲለው፣ ጣቶቹን በግድግዳ ላይ ሽቅብ ማራመድ ጀመረ። አለቃው በእህቱ በኩል መልእክት ላከ፤ «መላጊያህ ከላይኛው ማንጠልጠያ ላይ ናት። በተሰበረው እጅህ ካወረድካት ቦታህ ቦታህ ነው። ካቃተህ ቫርኒሽ ክፍል ትገባለህ።»

ቫርኒሽ። አልረሳውም ማለት ነው እሱም።

አናጢ ነውና ቅዳሜ ቅዳሜ ጣቱ የደረሰበትን ግድግዳው ላይ በእርሳስ ያሰምራል። መስመሩ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ወጣ። በአሥረኛው ሳምንት ግን ጣቱ ካለፈው መስመር ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ቀረ።

«ይህን መስመር ማነው የነካው?»

ሚስቱ ከምታጥፈው ልብስ ቀና አለች። «ግድግዳውን ለአንተ ከለቀቅኩ ቆየሁ። ምን ልሁን ብዬ እነካዋለሁ?»

«ጋሼሽ ትናንት እዚህ ነበር።»

«ጋሼ ብርቱካን ይዞ መጣ፣ ራሱ በልቶት ሄደ። ሌላ ምን አደረገ?»

«ጭራሽ የባሰብኝ እንዲመስለኝ ነዋ፤ ተስፋ ቆርጬ እንድቀር።»

ዓይኗ እግሩ ላይ አረፈ። አናጢው ሥራ ፈት እንዳይባል፣ ታሞም የሥራ ጫማውን አያወልቅም ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ወለሉን አጥቤ ጫማህን አላስወለቅኩህም? ሃያ ዓመት የሰው በር ሲለካ የኖረ አናጢ፣ በካልሲ ቆሞ ሰው ይከሳል።»

ጫማውን አጠለቀ። ጣቱ መስመሩን አለፈው። ይቅርታ አልወጣውም፤ ሚስቱ ዞር ስትል ጫማውን አውልቆ፣ ሶሉን የነካካው ሰው እንዳለ ገልብጦ አየ።

በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ሥራ ቤቱ ገባ። ከአራቱ ሳቂዎች ሁለቱ አሁንም አሉ፤ መጋዛቸውን አቁመው ያዩታል። ማንጠልጠያው ስር ቆሞ ጣቶቹን በእንጨቱ ላይ ሽቅብ አራመደ። ትከሻው ጨመደደው። ጥርሱን ነክሶ ትንሽ ተንጠራራና መላጊያዋን ጨበጣት፤ አወረዳት።

አለቃው ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኮሪደሩ ላይ ሐኪሙን ሦስቴ ነው የጠየቅኩት፤ ሳይቀደድ እጁ ይመለሳል ወይ ብዬ። እንዳንተ በር የሚገጥም ከየት አመጣለሁ? ይኸው ተመለስክ። አንድ ነገር በለኝ እንጂ።»

አናጢው ነገሩን እንደ ጎበጠ ጣውላ በአንድ ዓይኑ አነጣጥሮ አየው። ስድቡ በሰባት ሰው ፊት፣ ምስጋናው በሹክሹክታ። መላጊያዋን በቀኝ ብብቱ ሸጎጠና ወደ ጠረጴዛው ሄደ።